ይሄስ የጾም ነው?

ዛሬ ከሰዓት በኋላ ልጄን ይዤ ሱቅ ሄድኩ። ብስኩት አምሯታል። ባለሱቁ ሦስት ዓይነት አወጣልን፤ እኔም እንደ ልማዴ እሽጉን እያገላበጥኩ የወተት ዱቄት ይኑርበት አይኑርበት ማንበብ ያዝኩ። "ጋሼ፣ የጾም ነው አልኩዎት እኮ! እኔም ቤት ሁዳዴ ገብቷል" አለኝ እየሳቀ። ልጄ ሰባት ዓመቷ ነው፤ ዘንድሮ እጾማለሁ ያለችው ራሷ ናት፤ ነገሩን ከኔ አጥብቃ ይዛዋለች። አንዱን መርጠን ከፍለን ወጣን።

ታክሲ ስንጠብቅ ስልኬን አወጣሁ። እሷ ብስኩቷን እያኘከች በክንዴ ሥር አንገቷን አስግጋ ለትንሽ ጊዜ አየችና፣ "አባዬ፣ ይሄስ የጾም ነው?" አለችኝ።

ታክሲው መጣ። ሳልመልስላት ገባን።

እርቃን አልነበረም የማየው። ያ ቢሆን ስልኩን ቶሎ እደብቅባት ነበር። የቀጥታ ስርጭት፣ ላይቭ ነበር። ሁለት ሰዎች ስለ ቤተ ክርስቲያን እንከራከር ብለው የጀመሩት ነገር ክርክሩ ቀርቶ ስድብ ብቻ ከሆነ ሰነበተ። ስንቶቻችሁን እዚያው ኮሜንት ውስጥ አይቻችኋለሁ። እኔም ሳምንታት ሙሉ ማታ ማታ ስከታተል ለራሴ የምነግረው "ለእምነቴ ተቆርቁሬ ነው" የሚል ነው። ለቤተ ክርስቲያን የተቆረቆረ ሰው ግን ተነሥቶ ይጸልያል፤ እኔ ተነሥቼ የማውቀው ለሚቀጥለው ላይቭ ነው። አንደኛው ሲዋረድ ደስ ብሎኛል፤ እውነቱ ይሄ ነው። ቅቤና ሥጋ በአፌ ሳይዞር የሰው ሥጋ ስበላ ከረምኩ። ቅዱስ ያሬድ እኮ በጾመ ድጓው ዓይንንና ጆሮንም ከሆድ ጋር አስጾሟል። በየዓመቱ ሲዘመር እሰማዋለሁ፤ ቆሜ እሰማዋለሁ።

እናቴ ትዝ አለችኝ አሁን። ሰፈራችን ቪዲዮ ቤት ነበር፤ የጭቃ ቤት፣ ሁለት ረጃጅም አግዳሚ፣ በሩ ላይ ጥቁር መጋረጃ፣ መግቢያው ሃምሳ ሳንቲም። የዕለቱ ፊልም ስም ውጭ ሰሌዳ ላይ በጠመኔ ይጻፋል። ፍልሰታ ነው፣ ነሐሴ፣ ጭቃው እስከ ቁርጭምጭሚት። የሰፈር ልጅ ሁሉ በየቀኑ ቅዳሴ ይሄዳል፣ ይቆርባል። እኔም ነጠላዬን አጣፍቼ ከቤት ወጣሁ፤ ከቤተ ክርስቲያን ግን አልደረስኩም። የህንድ ፊልም ነበር። ነጠላዬን እንዳጣፋሁ፣ እህል ሳልቀምስ፣ አግዳሚው ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ፤ በፊልሙ ውስጥ አንዲት እናት ልጇ ጠፍቶባት ነበርና። ድንገት መጋረጃው ተገለጠ፤ ብርሃኑ ዓይኔን ወጋኝ፤ በሩ ላይ የቆመችው የኔዋ እናት ናት።

ጎረቤቱ ሁሉ የተቆጣው በቪዲዮ ቤቱ ባለቤት ነው። "በፍልሰታ ልጆቻችንን አሳተብን፣ ቀበሌ ይዝጋው" ተባለ፤ ፊርማ ሊሰባሰብም ነበር። እናቴ ግን ሰውየውን ቀና ብላም አላየችው። ቤት ድረስ ዝም ብላ መራችኝ፤ ከዚያ እግሬን ከጭቃው እያጠበችልኝ፣ "እሱ መጋረጃውን ሰቀለ፤ ገልጦ የገባው ግን ያንተ እጅ ነው" አለችኝ። አልመታችኝም። ብትመታኝ ኖሮ እስካሁን ረስቼው ነበር።

አውግስጢኖስ "ኑዛዜ" በተባለው መጽሐፉ የጻፈው የወዳጁ የአሊፒዮስ ታሪክ አለ። አሊፒዮስ ሕግ ሊማር ሮም ሄዶ ሳለ ጓደኞቹ ሰው ከሰው ጋር እየተፋለመ ወደሚሞትበት ትርኢት ጎትተው ወሰዱት። ትርኢቱን የሚጠላ ሰው ነበር፤ ገብቶም ዓይኑን ጨፍኖ ተቀመጠ። አንዱ ተፋላሚ ሲወድቅ ሕዝቡ ጮኸ። ምን ይሆን ብሎ ገለጠ፤ ከዚያ በኋላ ዓይኑን መልሶ መንቀል አቃተው። ጭራሽ ቆይቶ ሌሎችን እየሳበ የሚወስድ ሆነ። ይህ የሆነው ከ1600 ዓመት በፊት ነው፤ ስልክ የለ፣ ላይቭ የለ። እኔም ያንን ላይቭ መጀመሪያ የገለጥኩት "ምን ተባለ?" ብዬ ነበር። ከዚያ ለሦስት ጓደኞቼ ላክሁት።

እርግጥ ነው፣ መጋረጃ ሰቃዩም ዛሬ የዋዛ አይደለም። ድሮ ኢንተርኔት ላይ ገጹ ያልቅ ነበር፤ ቀጣዩን ለማየት መጫን ነበረብህ፤ በዚያች ቅጽበት አእምሮህ ይመለሳል። እ.ኤ.አ. በ2006 አዛ ራስኪን የሚባል ባለሙያ ገጹ እንዳያልቅ አድርጎ ሠራው፤ ወደ ታች ባንሸራተትክ ቁጥር ሌላ ይመጣል። በኋላ እሱ ራሱ በይፋ ተጸጽቷል። ጾማችን እኮ ሰዓት አለው፤ ቅዳሴው ያልቃል፣ "እትዉ በሰላም" እንባላለን፣ ወደ ቤታችን እንገባለን። ስልኩ ግን ማንንም አያሰናብትም።

ማታ ቤት ገብቼ ስክሪን ታይሜን ከፈትኩት። በቀን 3 ሰዓት ከ40 ደቂቃ። በሁዳዴው 55 ቀን ሳበዛው ከ201 ሰዓት አለፈ፤ ሌትና ቀኑ ተደምሮ 8 ቀን ማለት ነው። የሁዳዴ መጀመሪያ የሆነው ጾመ ሕርቃልም 8 ቀን ነው። በዚሁ ከቀጠልኩ ፋሲካ ሲደርስ ከሁዳዴዬ ላይ ሙሉ ጾመ ሕርቃልን ቆርጬ ለዚህ ነገር ሰጥቼዋለሁ። ለንስሐ አባቴ "ጊዜዬን አባክናለሁ፣ አባ" እያልኩ ስንት ዓመት አሳለፍኩ። ቁጥሩን ነግሬያቸው አላውቅም። በምን እንደማባክነውም አልነገርኳቸውም።

ባለፈው እሑድ መፃጉዕ ነበር። 38 ዓመት አልጋ ላይ የኖረው ሰው፣ መዳን ትወዳለህ ወይ ተብሎ ሲጠየቅ የመለሰው ስለ ሌሎች ሰዎች ነው፤ ወደ መጠመቂያው የሚያወርደኝ የለም፣ ሌላው ይቀድመኛል። አዎ ወይም አይ አላለም። እስከ ትናንት ድረስ የሚያሳዝነኝ በሽታው ነበር፤ ዛሬ መልሱ ነው ያሳዘነኝ።

ልጄ ተኝታለች። አትረሳም፤ ጠዋት ዳቦዋን ይዛ መጥታ እንደገና ትጠይቀኛለች።

የፍስክ ነበር፣ የኔ እናት። የፍስክ ነበር።