አንድ ጣሳ አፈር

ከደብረ ታቦር ተነሥቶ ወደ ንፋስ መውጫ የሚጓዝ መንገደኛ አስቀድሞ የሚያየው የጉናን ግርማ ነው። ከባሕር ጠለል ከ4,100 ሜትር በላይ ከፍ ያለው ይህ ተራራ በምዕራብ በኩል ርብንና ጉማራን ወደ ጣና ይሰድዳል፤ ከጋይንት፣ ከስማዳና ከእስቴ የሚነሡ ብዙ ጅረቶች ደግሞ ወደ በሽሎና ወደ ዓባይ ሸለቆ ይወርዳሉ። ጅረቶቹ ባዶአቸውን አይወርዱም፤ በየክረምቱ የገበሬውን አፈር ተሸክመው ይሄዳሉ። እንግዲህ አፈር እንዲህ በሚሰደድበት አገር አንዲት ሴት ጥቂት እፍኝ አፈር በተሸረፈ እንስራ ሞልታ፣ ከደጃፏ ጥግ አኑራ ጤና አዳም ብትተክልበት፣ ነገሩ እንደ ተራ ጌጥ ብቻ ሊታይ አይገባውም።

በዚያ አገር ሞፈርና ቀንበር የወንድ ሲሆን የጓሮውና የደጃፉ ተክል በአብዛኛው የሴት ሥልጣን ነው። እዚህ ነገራቸው የሚወሳላቸው እናትም የስማዳ ተወላጅ ናቸው። ስማቸውን መጥራት አያስፈልግም፤ በየመንደሩ እሳቸውን የመሰሉ አሉና። እኒህ እናት ጆሮው የወለቀ እንስራ፣ አፉ የተሸረፈ ጋን፣ ቂጡ የተበሳ ድስት አይጥሉም ነበር። «ውኃ መያዝ ያቃተው ዕቃ አፈር መያዝ አያቅተውም» ይሉ ነበር። ቃሉ የቁጠባ ቢመስልም የሙያ ቃል ነው። ውኃ የማያሳልፍ ዕቃ ሥርን ያበሰብሳልና፣ ለማድጋ ነውር የሆነው ስንጥቅ ለተክል በጎ ነው። ስንጥቅ የሌለበትን ዕቃ ታቹን በምስማር ይበሱታል፤ በቀዳዳው ላይ አፈሩ እንዳይፈስ አንድ ገል ይደፉበታል፤ ከዚያም ቀዩን አፈር ከአሸዋና በሚገባ ከበሰበሰ ፍግ ጋር ደባልቀው ይሞሉታል።

አተካከላቸውም ሥርዓት ነበረው። በትልቁ ጋን መካከል አመድማ ቅጠሉ እንደ ላባ የተሰነጣጠቀውን አሪቲ ያቆማሉ። በዙሪያው ወደ ሰማያዊ የሚያደላ አረንጓዴ ያለውን ጤና አዳም ይደረድራሉ። ከከንፈሩ ላይ በደጋ ሜዳ የሚሳበውን ጦስኝ ይተክሉና ጥቃቅን ቅጠሉ እየተንጠለጠለ የጋኑን ሽርፍራፊ እንዲሸፍን ይተዉታል። ከፍ ያለው ከመካከል፣ የተሰበሰበው ከዙሪያ፣ የሚወርደው ከጠርዝ መሆኑ ነው። በሌላው ዕቃ ጠጅ ሣር ከመሐል ተነሥቶ ረጃጅም ቅጠሉን ወደየአቅጣጫው ያዘነብላል፤ ከሥሩ በሶብላ ከነሐምራዊ አበባው ይከበዋል። ናና ግን ለብቻው ነው። ሥሩ እየሳበ ጎረቤቱን ስለሚያስለቅቅ፣ «እሱ ርስት ቆርሶ አይጠግብም» እያሉ የራሱን ድስት ይሰጡታል።

ይህ ድርደራ የመልክ ብቻ አይደለም። አሪቲ፣ ጤና አዳምና ጦስኝ ደረቅ አፈርን ይታገሣሉ፤ ጠጅ ሣርና በሶብላ ግን ውኃ ይጠማቸዋል። የጠማውንና ያልጠማውን በአንድ ዕቃ ያጣመረ ሰው ወይ አንዱን ያደርቃል፣ ወይ ሌላውን ያበሰብሳል። ውኃ ከሩቅ ምንጭ በጀርባ በሚመጣበት ቤት ደግሞ ይህ ዕውቀት ትርፍ ዕውቀት አይደለም። ተክሎቹ የሚጠጡት እህል የታጠበበትንና እጅ የተለቃለቁበትን ውኃ ነው። በኅዳርና በታኅሣሥ ውርጭ ሲወርድም በሶብላው ከነዕቃው ተነሥቶ ከቤት ያድራል፤ ጠዋት ፀሐይ ስትወጣ ይወጣል። በምድር የተተከለ ተክል ዕጣውን ባለበት ይቀበላል፤ በዕቃ የተተከለ ግን ጠባቂ ካለው ከብርድ ይሸሻል።

ከእነዚህ ተክሎች አንዱም ለዓይን ብቻ የተተከለ የለም። ጤና አዳም ከቡና ስኒ ይገባል፤ በሶብላ ከበርበሬና ከሽሮ ይደባለቃል፤ አሪቲና ጠጅ ሣር ለበዓል ቤቱን ያውዳሉ። ስለዚህም ውበቱ በአበባ ላይ የተመሠረተ አልነበረም። አደይ በመስከረም ሜዳውን ሸፍና ትሄዳለች። እኒህ እናት ግን «አበባ እንግዳ ነው፤ ቅጠል የቤት ሰው ነው» ብለው የሚያዩትም የሚያሳዩትም ቅጠልን ነበር።

ከዕቃዎቹ መካከል አንድ የቆርቆሮ ጣሳ ነበረ። በ1995 ዓ.ም. ድርቅ ጊዜ ከእርዳታ ስንዴ ጋር የመጣ፣ አራት ሊትር ዘይት የሚይዝ ጣሳ ነው። ያን ጊዜ የእናቲቱ የመጨረሻ ልጅ ሰባት ዓመቷ ነበር። ጣሳውን ለመቀበል ከእናቷ ጋር የቆመችበትን ሰልፍ፣ የፀሐዩን ግለት፣ የስም ጠሪውን ድምፅ አልረሳችም። ከሁለት ዓመት በኋላ፣ በ1997 ዓ.ም.፣ የልማታዊ ሴፍቲኔት ፕሮግራም ሲጀመር የጋይንትና የስማዳ ገበሬ አፈሩን ለማስቀረት በየተዳፋቱ እርከን ይሠራ ጀመር። እናቲቱም ቀን ለእርከኑ ድንጋይ ሲያቀብሉ ውለው፣ ማታ ለጣሳዋ ጤና አዳም ውኃ ያጠጡ ነበር። የእርከኑም የጣሳዋም ሥራ አንድ ነበር፤ አፈርን ካለበት ማቆየት።

ልጅቱ ተማረች፤ አዲስ አበባ ሥራ ያዘች፤ በኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ቤት ተከራየች። አባቷ ካረፉ በኋላም እናቷን ወሰደቻቸው። እናቲቱ ከስማዳ ሲነሡ ያቺን ጣሳ ከነተክሏ በነጠላ ጠቅልለው ያዙ። አውቶቡሱ ጎጃምን አቋርጦ ከደጀን ወደ ጎሐ ጽዮን ዓባይን ሲሻገር፣ ከድልድዩ በታች የሚሄደው ደፍራሽ ውኃ የስማዳንም አፈር ይዞ ነበር፤ ከድልድዩ በላይ ግን አንድ ጣሳ የስማዳ አፈር በአንዲት አሮጊት ጉልበት ላይ ተቀምጦ ወንዙን ተሻገረ።

ጣሳዋ ከሰገነቱ ላይ በተቀመጠች ማግስት በእናትና በልጅ መካከል ቅሬታ ገባ። በጎኗ ላይ ያለው የእርዳታ ጽሑፍ ገና ይነበብ ነበርና፣ ልጅቱ ጎረቤት እንዳያየው ፈራች። ከመንገድ ዳር ችግኝ ነጋዴዎች በሲሚንቶ የተሠራ ነጭ ማሰሮ፣ ቀይ አበባ ካወጣ ጄራንየም ጋር ገዝታ መጣች።

«እማዬ፣ ይችን ጣሳ እንጣላት። ካልሆነም ቀለም እንቀባት። ይኸ እኮ የረኃብ ዕቃ ነው» አለቻቸው።

«ልጄ፣ ረኃቡ በጣሳ አልመጣም፤ በጣሳ የመጣው ዘይቱ ነው» አሉ እናቲቱ። «ዘይቱ አለቀ፤ ጣሳዋ ግን ይኸው እስካሁን ታገለግላለች። ያገለገለን ደግሞ በቀለም አይሸፍኑትም።»

ልጅቱ ዝም አለች፤ አልተረታችም ግን።

የልጅቱን ሐፍረት መናቅ አይገባም። ተሰልፎ ያልተቀበለ ሰው የጣሳን ጽሑፍ እንደ ጌጥ ሊያየው ይችላል፤ የተሰለፈች ልጅ ግን ስሟ ሲጠራ ትሰማበታለች። ይሁን እንጂ በዚህ ሐፍረት ውስጥ የተደበቀ አንድ ስሕተት አለ። ይኸውም ውበት የጥጋብ ትርፍ ነው፣ የተቸገረ ሰው ሕይወቱን ያቆያል እንጂ አያስጌጥም የሚል ነው። ተክልን ከነአፈሩ በዕቃ ይዞ መጓዝ ግን የቅርብ ጊዜ ቅንጦት አይደለም። ከ3,500 ዓመታት ገደማ በፊት የግብጿ ንግሥት ሐትሼፕሱት ወደ ፑንት የላከቻቸው መርከቦች የዕጣን ዛፎችን ከነሥራቸው በቅርጫት ይዘው ሲመለሱ በቤተ መቅደሷ ግድግዳ ላይ ተቀርጿል። ልጅቱ ከመንገድ ዳር የገዛችው ጄራንየም ራሱ ዘሩ ከደቡብ አፍሪካ ወደ አውሮፓ የተወሰደ፣ በዚያ በየመስኮቱ ተራብቶ በመላው ዓለም የተሠራጨ ስደተኛ ነው። ንግሥቲቱም አሮጊቲቱም ያደረጉት አንድ ነው፤ የሚወዱትን ተክል ከነሥሩ ከሌላ አገር ማድረስ።

ክረምቱ በገባ በሁለተኛው ወር የጄራንየሙ ቅጠል ቢጫ ሆነ፤ ግንዱም ከሥሩ ጠቆረ። እናቲቱ ነጩን ማሰሮ አዘንብለው ታቹን ዳሰሱ፤ ቀዳዳ አልነበረውም። ዝናቡ እየገባ ሥሩን አሰጥሞታል። እናቲቱ የተፋውን ውኃ እያዩ «አምሮ ታፈነ» አሉ፤ ሌላ አልተናገሩም። ልጅቱ ወርዳ ከጎረቤት መብሻ ተውሳ መጣች። ያልጠቆረውን ቅርንጫፍ ቆርጠው፣ ቀዳዳውን በገል ሸፍነው፣ አሸዋ የበዛበት አፈር ሞልተው እንደገና ተከሉት። ጄራንየምም ጤና አዳምም ብዙ ውኃ አይወዱምና፣ ከጣሳዋ የተቆረጠ የጤና አዳም ቅርንጫፍ በአጠገቡ ገባ። ከጠርዙም ጦስኝ ወረደ። በጋ ሲሆን ፀሐይ ወደ ደቡብ፣ ክረምት ሲሆን ወደ ሰሜን ስለምታዘነብል፣ እናቲቱ ዕቃዎቹን እንደ ወቅቱ ያዛውሯቸዋል። ቀዩ አበባ በሰማያዊማው ቅጠል መካከል ሲፈካ፣ ለብቻው በነበረ ጊዜ ያልነበረው መልክ አገኘ።

ከዚያ ወዲህ ቡና የሚያፈሉ ጎረቤቶች ጤና አዳም ፍለጋ የዚያን ቤት በር ያንኳኳሉ። አንድ ቀን ከሁለተኛው ፎቅ የምትኖር ወጣት ሙሽራ ለራሷ የምትተክለው ፈለገች። እናቲቱ ተኝተው ስለነበር ያስተናገደቻት ልጅቱ ናት። ከወጥ ቤት ባዶ የዘይት ጣሳ አነሣች፤ ታቹን በምስማር አምስት ቦታ በሳች፤ ገሉን ደፋች፤ ከእናቷ ጣሳ ላይም አንድ እፍኝ የስማዳ አፈር ቆንጥራ ከአዲሱ ጋር ደባለቀች። ሙሽራዪቱ የአሮጌዋን ጣሳ ጽሑፍ እያነበበች «ይች ደግሞ ከየት የመጣች ናት?» ብላ ጠየቀች።

«ከአገሬ ናት» አለች ልጅቱ፤ ጣሳዋንም ከነጽሑፏ ወደ ፀሐዩ አዞረቻት።