አንድ ኪሎ ሽንኩርትና እማዬ

ወዳጆቼ፣ ሽንኩርት ማቁላላት የምታውቁ ከሆነ ፈረንሳዮች ከሚኮሩባቸው ምግቦች የአንዱን ግማሽ አሠራር ከወዲሁ ታውቃላችሁ። የሽንኩርት ሾርባ ይባላል። ሽንኩርት፣ ቅቤ፣ የአጥንት መረቅ፣ ያደረ ዳቦና የሚቀልጥ አይብ ነው፤ ከዚህ ሌላ ብዙ ነገር የለውም። የድሃ ምግብ ነበር። በፓሪስ መሐል በነበረው ሌ ዛል በተባለ ትልቅ የምግብ ገበያ፣ ሌሊቱን ሙሉ ጆንያና ሣጥን ሲሸከሙ የሚያድሩ ሠራተኞች በዙሪያው ባሉ ምግብ ቤቶች ጎህ ሳይቀድ ይሞቁበት ነበር። ከጭፈራ የሚመለሱ ሀብታሞችም እዚያው ይመጡ ስለነበር ሐር የለበሰውና ሽርጥ የታጠቀው አንድ ዓይነት ሾርባ ይጠጡ ነበር። ገበያው እ.ኤ.አ. በ1969 ከከተማው ውጭ ወዳለው ሩንጊስ ተዛወረ፤ ሾርባው ግን ሰፈሩን አልለቀቀም።

እኔ ይህን ሾርባ መጀመሪያ የሠራሁት ለእናቴ ነው።

አባቴ ባረፈ ሰሞን ቤታችን ሰው አላጣም። የእድሩ ድንኳን ተተክሎ ነበር፣ ጎረቤት እንጀራና ወጥ በየተራ ያመጣል፣ የቤተ ክርስቲያን ሰዎች ማታ ማታ መጥተው ይዘምራሉ። ድንኳኑ ከተነቀለ በኋላ አንድ ሳምንት፣ ሁለት ሳምንት፤ ከዚያ ሁሉም ወደየሥራው ሄደ። ሐዘኑ በደንብ የገባው ያኔ ነው። (የወጣት ኅብረታችሁ ሐዘን ቤት የሚጎበኝ ከሆነ ስድስተኛውን ሳምንት ያዙልኝ። በመጀመሪያው ሳምንት መቀመጫም አታገኙም።) እማዬ መብላት ተወች። ሽሮ ስሠራ “ይሄን እሱ ይወድ ነበር” ብላ ትገፋዋለች። ዶሮማ ጭራሽ የሚነሣ አልነበረም፤ በየበዓሉ ስትሠራ የኖረችው ለእሱ ነው። የሚያጽናና ምግብ ማለት የለመዱት ምግብ ነው ይባላል። አገሩ ለናፈቀው ሰው እውነት ይሆናል። ለእማዬ ግን የቤታችን ምግብ ሁሉ አባቴ ይቀመጥበት እንደነበረው ወንበር ሆኖባት ነበር። ስለዚህ አባቴ በልቶት የማያውቀውን ምግብ ፈለግሁ።

አንድ ኪሎ ቀይ ሽንኩርት በቀጭን በቀጭኑ ክተፉ፤ ለአራት ሰው ይበቃል። ወንዶች ልጆች፣ ይህ ለእህቶቻችሁ ብቻ የተጻፈ እንዳይመስላችሁ። የሚያስለቅሰው ነገር ሽንኩርቱ ሳይቆረጥ በውስጡ የለም፤ ቢላዋው ሲሰነጥቀው ለየብቻ የነበሩ ነገሮች ይገናኙና ጋዝ ይፈጥራሉ፣ ጋዙ ዓይን ሲነካ እንባ ይመጣል። የተሳለ ቢላዋ ያነሰ ያስለቅሳል። በዚያን ቀን ግን እማዬ በሩ አጠገብ ተቀምጣ ነበር፤ ሽንኩርቱ ለሁለታችንም ጥሩ ሰበብ ሆኖልን ስለነበር ቢላዋዬን አልሳልኩም።

አሁን ወደ ዋናው እንምጣ። ሰፋ ባለ ድስት ሁለት የሾርባ ማንኪያ ለጋ ቅቤና ትንሽ ዘይት አግሉ፣ ሽንኩርቱን ጨምሩ፣ ጨው ነስንሱ፣ እሳቱን ቀንሱ። የዶሮ ቁሌት ያለ ዘይት በደረቁ ይጀምራል፣ ይህኛው በቅቤ ይጀምራል። ከሽንኩርት ክብደት ከአሥር እጅ ዘጠኙ ያህል ውሃ ነው። ውሃው ተንኖ እስኪያልቅ ድረስ ሽንኩርቱ ከውሃ መፍያ ሙቀት ብዙም አያልፍምና አይቀላም። መቅላትና መጣፈጥ የሚጀምረው ከዚያ በኋላ ነው። ስለዚህም “አሥር ደቂቃ አቁላሉ” የሚሉ መጻሕፍትን አላምናቸውም። ሰዓት ይዣለሁ፤ ከአርባ አምስት ደቂቃ በታች ሆኖልኝ አያውቅም፣ አንዳንዴ ከአንድ ሰዓት ያልፋል። እሳት ብትጨምሩ ዳሩ ያርራል፣ መሐሉ ጥሬ ይቀራል። የድስቱ ወለል ቡናማ ሲይዝ ትንሽ ውሃ ጠብ አድርጋችሁ በእንጨት ማንኪያ ፋቁት፤ ጣዕሙ ያለው እዚያ ነው።

ሃያ ደቂቃ ያህል እንዳማሰልኩ እማዬ ተነሥታ መጣች።

“ምንድን ነው የምትሠሪው?”

“ሾርባ።”

“ሾርባ ደግሞ እንዲህ ያለ ቁሌት አለው?”

“የፈረንሳዮች ነው።”

ድስቱን አየች፣ እሳቱን ከእኔም አብልጣ ቀነሰችው፣ ማንኪያውን ከእጄ ወሰደች። አባቴ ካረፈ በኋላ ምድጃ አጠገብ ስትቆም ያየኋት ያን ቀን ነው። እኔ ኮሌጅ ተምሬአለሁ፣ ስለ ስኳርና ስለ ሙቀት ላስረዳት እችላለሁ፤ እሷ ግን በጆሮዋ ታውቀዋለች። “ስሚ፣ ውሃው ሲያልቅ ድምፁ ይለወጣል” አለችኝ። እውነቷን ነው። ሲንተከተክ የነበረው ቸስ ቸስ ማለት ይጀምራል። እናንተም አድምጡ።

የቀረው ፈጣን ነው። አንድ የሾርባ ማንኪያ ዱቄት ጨምራችሁ አማስሉ፣ ከዚያ አንድ ሊትር ተኩል ትኩስ የበሬ አጥንት መረቅ አፍስሱበትና ግማሽ ሰዓት ይንተክተክ። መረቁን ከአንድ ቀን በፊት ቀቅሉት፤ አዲስ አበባ ላይ ውሃ በ92 ዲግሪ አካባቢ ስለሚፈላ አጥንቱ ጊዜ ይፈልጋል። ፈረንሳዮች የሚጨምሩበት ቅጠል የጦስኛችን ዘመድ ነው፤ ቆንጠር አድርጉበት። መጻሕፍቱ ነጭ የወይን ጠጅ ያስጨምራሉ፤ እኔ አቼቶ ጠብ አደርጋለሁ። ያደረ ዳቦ ቆርጣችሁ አድርቁ፤ ለስላሳ ዳቦ ይፈርሳል። የእኛን አይብ አትሞክሩት፣ አይቀልጥም። ግሩየር የተባለው አይብ ውድ ስለሆነ ፕሮቮሎን ወይም ሞዛሬላ ይበቃል። ኦቨን ከሌላችሁ አይቡን ዳቦው ላይ ጭናችሁ በተከደነ መጥበሻ በትንሽ እሳት አቅልጡና ሾርባው ላይ አስቀምጡት።

እማዬ አንድ ሳህን ጨረሰች። ሐምሌ ስለነበር ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል፣ ብዙም አላወራንም። አይቡ ከማንኪያዋ እንደ ክር ሲጎተት አየችውና “አባትሽ ይሄን ቢያይ…” ብላ ጀመረች። ታለቅሳለች ብዬ ማንኪያዬን አስቀመጥኩ። “ገፍቶ እንጀራ አምጡ ይል ነበር” አለችና ሳቀች።

በማግስቱ ከሥራ ስመለስ የተረፈው ሾርባ ምድጃው ላይ ነበር። ክዳኑን ብከፍተው በርበሬ ገብቶበታል።