ስለ ወር በዓልና ስለ ማኅበር ጽዋ

የአገራችን ክርስቲያን ወሩን የሚቈጥረው በቍጥር ብቻ ሳይሆን በስም ነው። ገበሬው «ብድሬን መቼ ትመልስልኛለህ» ቢሉት «በሚካኤል ማግስት» ይላል እንጂ «በ13» አይልም። እናትም ልጇ የተወለደበትን ቀን ስትናገር «በአቦ ዕለት፥ ሲነጋ» ትላለች። በግእዝ ቋንቋ ጨረቃና ወር ስማቸው አንድ፥ «ወርኅ» ነው፤ ጨረቃ ጐድላ ከጠፋች በኋላ እንደ ገና እንደምትወለድ፥ የቤተ ክርስቲያናችንም ወር 30 ቀን በሞላ ቍጥር በልደታ ስም እንደ ገና ይዠምራል። የዓመት በዓል ደስ ያሰኛል፥ ብዙ ሰውም ይሰበስባል፤ ነገር ግን አንድ ቀን ውሎ ያልፋል። የአንድን አጥቢያ ምእመናን አንድ ቤተ ሰብ አድርጎ የሚያኖራቸው በየወሩ ተመልሶ የሚመጣው ትንሹ በዓል ነው ብዬ አምናለሁ። በዚህ ጽሕፈት ልናገር ያሰብሁትም ስለዚሁ ነው።

ያደግሁበትና ዛሬም የማገለግልበት አገር፥ ሐይቅና አምባሰል፥ ይህን የወር ሥርዓት ለሚመረምር ሰው የተመቸ ነው። ከደሴ ወደ ሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ በሐይቁ ላይ የእስጢፋኖስ ገዳም አለ፤ የሰማዕቱም መታሰቢያ በየወሩ በ17 ነው። በ13ኛው መቶ ዓመት አቡነ ኢየሱስ ሞዓ ከደብረ ዳሞ ተምረው መጥተው ይህን ቦታ የምንኵስናና የትምህርት ቤት አደረጉት፤ አቡነ ተክለ ሃይማኖትም በዚያ ከእርሳቸው ዘንድ ተማሩ። ደቀ መዝሙሩ ያረፉት በነሐሴ 24፥ መምህሩም በኅዳር 26 ስለ ሆነ፥ በየወሩ በ24 ተማሪውን፥ በ26 ደግሞ መምህሩን እናስባለን። ሁለቱን መታሰቢያዎች የሚለያቸው አንድ ቀን ብቻ ነው፤ ለቅኔ ተማሪ ይህ ራሱ ሰምና ወርቅ ነው።

ከዚያም ወደ አምባሰል ስንሻገር ግሸን ደብረ ከርቤን እናገኛለን። በመስከረም 21 ከየአገሩ የሚመጣው ሕዝብ ወደ አምባው ሲወጣ ያየ ሰው መቼም አይረሳውም። ከ1426 እስከ 1460 ዓ.ም. የነገሡት ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ የእመቤታችን 33 በዓላት እንዲከበሩ ያዘዙ ንጉሥ ናቸው፤ የግሸንም ታሪክ ከስማቸው ጋር የተያያዘ ነው። ሆኖም ወደ ግሸን የሚወጣው መንገደኛ በማግስቱ ወደየአገሩ ይመለሳል። ከአምባው በታች ባሉት መንደሮች ግን ጥቅምት 21 ይመጣል፥ ኅዳር 21 ይመጣል፤ ያን ጊዜ መንገደኛ የለም፥ ያለነው እኛው ነን።

እኔ የምቈጠርበት ደብር ከነዚሁ መንደሮች በአንዱ ያለች የገጠር ማርያም ናት። የማኅበራችን አባላት 12 ቤት ስለ ሆንን ለእያንዳንዱ በዓመት አንድ ተራ ይደርሰዋል፤ ጳጉሜን ግን ዕረፍት ናት። ሥርዓቱን አንባቢዎች ሁሉ ታውቁታላችሁ፤ ነገር ግን የምናውቀውን ነገር ብዙ ጊዜ ልብ ስለማንለው ጥቂት ልዘርዝር። ከቅዳሴ በኋላ ባለ ተራው ቤቱን ጠርጎ ቄጤማ ይጐዘጕዛል። ጽዋው በነጭ ጨርቅ ተሸፍኖ ይመጣል፤ የማኅበሩ ሙሴ በቦታው ይቀመጣል፤ ካህኑም ጸሎት አድርሶ ዳቦውንና ጠላውን ይባርካል። ቀኑ ጾም የሆነ እንደ ሆነ በሽሮና በንፍሮ ይዘከራል እንጂ አይታጐልም። ከዚህ በኋላ ሙሴው ዐይኑን በዙሪያው አዙሮ የጐደለውን ሰው ይፈልጋል። ያልመጣው ታሞ እንደ ሆነ ዳቦ ተቈርሶ ይላክለታል፥ በማግስቱም ሁለት ሰዎች ሄደው ይጠይቁታል። ተጣልተው የሰነበቱ ሰዎች ካሉ ሳይታረቁ ከአንድ ጽዋ አይጠጡም፤ በዳኛ ፊት ሦስት ዓመት የተመላለሰ የድንበር ጠብ በአንድ 21 ማታ ሲያልቅ በዐይኔ አይቻለሁ። በመጨረሻም የሚመጣው ወር ባለ ተራ ተነሥቶ ጽዋውን ይረከባል፤ ሁሉም «ለወሩ ያድርሰን» ይላል። ይህ ቃል ከ30 ቀን በኋላ እርስ በርሳችን እንደምንፈላለግ የምንገባው ቃል ነው።

በእኛ አገር ክርስቲያኑና ሙስሊሙ በአንድ መንደር፥ አንዳንድ ጊዜም በአንድ ዘር ውስጥ ተዋልዶ የሚኖር ስለ ሆነ፥ የማኅበር ቀን ለጎረቤትም ይደርሳል። የሥጋው ነገር በየሃይማኖቱ የተለየ ቢሆንም ቡናው በአንድነት ይጠጣል። ሞት የመጣ እንደ ሆነ ደግሞ ቅሬው ሃይማኖት ሳይለይ ተሰብስቦ ሐዘንተኛውን ይደግፋል።

ስለ ማኅበር ጽዋ ስናገር በወሬ ብቻ የሰማሁትን አልናገርም፤ ያሳደገኝ እርሱ ነውና። ከ1977 ዓ.ም. ረኀብ ጥቂት ዓመታት በኋላ ደበሎ ለብሼ፥ አኩፋዳ ይዤ፥ ቅኔ ለመማር ከቤት ወጣሁ። የወሎ ገበሬ ጐተራ በዚያ ጊዜ ገና አልሞላም ነበር። እኛ የቈሎ ተማሪዎች ግን የወሩን ስሞች ከቅኔው ቤት ይልቅ በሆዳችን እናውቃቸው ነበር፤ በ5 በየትኛው መንደር የአቦ ማኅበር እንዳለ፥ በ12 የሚካኤልን ጽዋ ማን እንደሚያወጣ፥ በ27 በመድኃኔ ዓለም ወዴት እንደምንሄድ እየቈጠርን እንኖር ነበር። በሌላው ቀን በየደጁ ቆመን ስለ ማርያም ስንለምን ቁራሽ የምናገኘው አንድም ጊዜ እናገኝ፥ አንድም ጊዜ እናጣ ነበር፤ ውሻም ይነክሰን ነበር። በማኅበር ቀን ግን ከደጅ የሚመልሰን አልነበረም፤ ለተማሪ የሚሆነው ድርሻ አስቀድሞ ተለይቶ ይቀመጥ ነበርና። ከእኛ መካከል ዛሬ መምህር፥ ካህን፥ የመንግሥት ሠራተኛ የሆኑ አሉ፤ ሁላችንም በ12 ቤቶች ተራ ያደግን ነን።

ደግሞም ሌላ ምክንያት አለ። ጥንት ቤተ ክርስቲያን የሰሞን መሬት ነበራት፤ ካህኑም በዚያ ይኖር ነበር። በየካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት ሁሉ የሕዝብ ሀብት እንዲሆን በታወጀ ጊዜ ይህ ቀረ። ከዚያ ጥቂት ቀደም ብሎ፥ በ1965 ዓ.ም. በቃለ ዓዋዲ የሰበካ ጉባኤ ስለ ተቋቋመ፥ አጥቢያው በምእመናኑ መዋጮ መኖርን ተማረ። ዛሬ የገጠር ቤተ ክርስቲያን ዕጣኑና ጧፉ፥ ዘቢቡና መገበሪያው የሚገኘው ከሕዝቡ እጅ ነው። ሕዝቡ እጁን መዘርጋት የሚማርበት ቤት ደግሞ ማኅበሩ ነው፤ በተራው መስጠትን ያልለመደ ሰው በሰበካ ጉባኤም ሲጠሩት አይሰማም።

እንዲህ ከሆነ ዘንድ፥ ጽዋውን የሚያሰጋው ምንድር ነው ብለን እንጠይቅ። ብዙዎች የሃይማኖት መቀዝቀዝ ነው ይላሉ። እኔ ግን በደብራችን ያየሁት ሌላ ነው፤ ጽዋውን የከበደው የድግሱ ብዛት ነው። አንዱ በተራው በግ አረደ፤ የሚቀጥለው ከእርሱ እንዳያንስ ሁለት አረደ፤ ሦስተኛው የፋብሪካ መጠጥ በሣጥን አስመጣ። በዚህ አኳኋን ጥቂት ዓመታት ካለፉ በኋላ፥ በአንድ ዓመት በሰኔ 21፥ አንዲት ባልቴት ወደ ሙሴው ቀርበው «ስሜን ፋቁልኝ» አሉ። ተራቸው ሐምሌ ነበር፤ ሐምሌ ጐተራ የሚራቈትበት ወር መሆኑን ገበሬ ሁሉ ያውቃል።

በዚያ ቀን የተደረገው ክርክር ቀላል አልነበረም። አንዱ አባል «እኛ አዋጥተን ይደገስላቸው» አለ፤ አሳቡ መልካም ነበር። ባልቴቲቱ ግን «ተራዬን ስጡኝ እንጂ ምጽዋት አትስጡኝ» ብለው መለሱ። ሌላው ደግሞ «ድግሱን ብንቀንስ የእመቤታችንን ክብር መቀነስ ይሆንብናል» አለ። በዚህ ጊዜ የ2014 ዓ.ም. ኅዳርን አስታወስኋቸው። በዚያ መከር ጦርነቱ ወደ ውጫሌና ወደ ሐይቅ ደርሶ ብዙ ሰው ከአገሩ ተሰዶ ነበር። በኅዳር 21 የማኅበራችን ባለ ተራ በስደት ላይ ነበረ፤ በመንደሩ የቀረነው ሦስት ሰዎችና አንድ ሽማግሌ ቄስ ብቻ ነበርን። ከጎረቤት የተገኘ ቈሎ በሰፌድ ቀረበ፤ በጽዋውም ውኃ ተቀዳ፤ ቄሱም ባረኩት። የተሰደዱትን ዘጠኙን ቤቶች ስማቸውን አንድ በአንድ ጠራን። በዚያ ቀን የእመቤታችን ክብር አነሰ የሚል ሰው ካለ ይንገረኝ አልሁ፤ የመለሰ አልነበረም። ጌታችን ስለ ቀዝቃዛ ውኃ ጽዋ ዋጋ ያስተማረውን የምናነብ ሰዎች፥ ጽዋ ያለ በግ አይቆምም ብለን እንዴት እንናገራለን?

ስለዚህ አንድ ሕግ ተደነገገ። ባለ ተራው አንድ ድፎ ዳቦ፥ አንድ ጋን ጠላና ንፍሮ ያቀርባል፤ እርድና የፋብሪካ መጠጥ ቀረ፤ ትርፍ ያለው ሰው ትርፉን ለመገበሪያና ለአብነት ተማሪዎች ይሰጣል። ሕጉ ያለ ዋጋ አልተገኘም። አንድ ባለጠጋ ቤት ተቈጥቶ ከማኅበሩ ወጣ፤ እስከ ዛሬም አልተመለሰም፥ እኛም በየወሩ ስሙን እንጠራለን። ባልቴቲቱ ግን በሐምሌ 21 ጽዋቸውን በንፍሮ አወጡ።

አሁን ደግሞ ሌላ ጥያቄ ቀርቦብናል። ልጆቻችን ወደ ደሴ፥ ወደ አዲስ አበባ፥ ወደ ዐረብ አገርም ሄደዋል። ብዙዎቹ ተራቸው ሲደርስ በስልክ ገንዘብ ይልካሉ። ይህ የሚመሰገን ነው፤ ገንዘቡም ጧፍ ይገዛል። ነገር ግን ገንዘብ በዙሪያው ተመልክቶ የጐደለውን ሰው አይፈልግም፤ ተጣልቶ የመጣውንም ሰው አያስታርቅም። ስለዚህ የሚልከው ሰው በስሙ ቆሞ ጽዋውን የሚረከብ ወንድም ወይም እናት ወይም ጎረቤት እንዲሰይም አድርገናል። በከተማ ያሉትም በዚያው ባሉበት ማኅበር ቢጠጡ፥ ከእኛ ተለዩ አልልም፤ ጽዋውን አበዙት እላለሁ።

ከተማሩት ወገኖቻችን አንዳንዶቹ ማኅበር የመብልና የመጠጥ ሰበብ ነው፥ ሥራም ያስፈታል ይላሉ። መብሉ ሲበዛ ነቀፋቸው እውነት ነው፤ በወሩ በዓል ሁሉ እርሻ ይፈታ የሚልም ከእኛ ወገን የለም። ነገር ግን ማኅበሩን ከመንቀፍ በፊት፥ በከተማው ውስጥ በ30 ቀን አንድ ጊዜ «እገሌ ለምን ቀረ» ብሎ የሚጠይቅ ሌላ ጉባኤ ካለ ያሳዩን። ሰው በብዙ ሕዝብ መካከል ታሞ ሳይጠየቅ፥ ተጣልቶም ሳይታረቅ ዓመት በሚያሳልፍበት በአሁኑ ዘመን፥ ይህን የሚያህል ሥርዓት በነቀፋ ብቻ መጣል ጥበብ አይደለም።

እንግዲህ በየደብሩ ያላችሁ ካህናትና ሙሴዎች፥ የማኅበራችሁን ድግስ መርምሩ። ተራውን ከቤታችሁ ሁሉ ደኻ የሆነው ሰው ሊያወጣው የሚችል አድርጉት፤ የማይችለው ከሆነ ጽዋው የባለጠጎች ሆኖአልና። ጽዋው ይቅለል እንጂ አይቅር። አምላከ አበው ሁላችንንም ለወሩ ያድርሰን።