በነፃነታቸው ቀን ሮም

ጀሞ አንድ፣ እናታችን ሳሎን ግድግዳ ላይ የታላቅ እህቴ ፎቶ ተሰቅሏል። ከኋላዋ ኮሎሲየም ይታያል። የኮንዶሚኒየሙን ዕዳ ከፍላ የጨረሰችው እሷ ናት፣ ሮም ውስጥ የሰው እናት እየጦረች። የራሷን እናት ካየቻት አሥራ አንድ ዓመት ሆኗታል።

ልጠይቃት ስነሳ እናቴ ሽሮና በርበሬ ቋጥራ፣ «አደራ፣ የዕረፍት ቀኗን ጠብቀህ አብረሃት ዋል» አለችኝ። የተገኘው የዕረፍት ቀን በእነሱ ኤፕሪል 25፣ በእኛ ሚያዝያ 17 ሆነ። ጣልያኖች ከፋሺዝም ነፃ የወጡበትን የሚያከብሩበት በዓል ነው። በ1945 እ.ኤ.አ. በዚያ ቀን የሰሜን ጣልያን አርበኞች ከሚላኖ የአመፅ ጥሪ አስተላለፉ። (ሮም ራሷ ነፃ የወጣችው ዓመት ያህል ቀድማ ነው።) እኛ ያንኑ ፋሺስት አስወጥተን ንጉሠ ነገሥቱ አዲስ አበባ የገቡት ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም. ነው፤ በእነሱ 1941 መሆኑ ነው። በአራት ዓመት ቀድመናቸዋል።

እህቴ ጠዋት አሮጊቷን አጣጥባ፣ ቁርስ አብልታ፣ ለልጃቸው አስረክባ መጣች። እስከ ምሽቱ አንድ ሰዓት ነፃ ናት። የተቀጣጠርነው ቴርሚኒ ባቡር ጣቢያ ፊት ለፊት፣ አበሻ ሁሉ በሚቀጣጠርበት አደባባይ ነበር። ስሙ «ፒያሳ ዴይ ቺንኩዌቼንቶ» ነው፤ የአምስት መቶዎቹ አደባባይ ማለት ነው።

«እነማን ናቸው አምስት መቶዎቹ?» አልኳት።

«እኔ እንጃ። እኔ አውቶቡስ ነው የምይዝበት።»

በ1879 ዓ.ም. ዶጋሊ ላይ የራስ አሉላ ጦር የደመሰሳቸው የጣልያን ወታደሮች ናቸው። ሐውልታቸው ከአደባባዩ ትንሽ ራቅ ብሎ ዛፍ ሥር ቆሟል። ዛሬ ለገሃር የምናየው የይሁዳ አንበሳ በፋሺስት ዘመን ተዘርፎ እዚህ ነበር የቆመው። ዘርዓይ ደረስ በሰኔ 1930 ዓ.ም. ጎራዴውን የመዘዘውም በዚሁ አንበሳ ፊት ነው። እህቴ ሐውልቱን ዞረችውና፣ «በዚህ በኩል ስንት ጊዜ አልፌያለሁ!» አለች። ያን ቀን ማንም አበባ አላኖረበትም፤ የበዓሉ አበባ ፒያሳ ቬኔዚያ ወዳለው የማይታወቀው ወታደር መቃብር ነው የሚሄደው።

ሜትሮ ያዝን። ትኬቱ 1.50 ዩሮ ነው፣ 100 ደቂቃ ያገለግላል። ፒራሚዴ ጣቢያ ወርደን ፖርታ ሳን ፓውሎ ደረስን። በመስከረም 1943 እ.ኤ.አ. ወታደሩና ሕዝቡ የጀርመንን ጦር የተቋቋመበት አሮጌ በር ነው፤ በየዓመቱ በዚህ ቀን ሰው ይሰበሰብበታል። አንገታቸው ላይ ባለሦስት ቀለም ሻሽ ያሰሩ ሽማግሌዎች «ቤላ ቻኦ»ን ይዘፍናሉ። የጀሞ ታክሲ ውስጥ ስሰማው የአርበኞች ዘፈን መሆኑን መች አውቄ!

አንዱ ሽማግሌ ከየት እንደሆንን ጠየቁን። እህቴ በጣልያንኛ መለሰችላቸው፣ ቀጥላም የእኛ የድል በዓል ከአሥር ቀን በኋላ እንደሆነ፣ ማንን እንዳስወጣንም ጨመረችላቸው። ዝም ብለው አዩን። ከዚያ፣ «ትምህርት ቤት ይህን አልነገሩንም» አሉና እጇን ጨበጡ። በአሥራ አንድ ዓመት ውስጥ ስለ ሥራዋ ሳይሆን ስለ አገሯ የጠየቃት ሰው ጥቂት እንደሆነ እህቴ የነገረችኝ ከዚህ በኋላ ነው።

ሁዳዴ ስለነበር ምሳችን ማሪናራ ነበር፤ ቲማቲምና ነጭ ሽንኩርት ብቻ ያለበት፣ አይብ የማይነካው ፒዛ ነው። ጾመኛ ሆኖ ሮም የሚሄድ ሰው ይህችን ቃል ይያዛት።

በአቬንቲኖ ጎዳና በእግር ወደ ፖርታ ካፔና ወጣን። የአክሱም ሐውልት ከ1937 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የቆመው እዚህ፣ ዛሬ የዓለም የምግብና እርሻ ድርጅት ባለበት ሕንፃ ፊት ነበር። ሕንፃው ያኔ ለቅኝ ግዛት ሚኒስቴር የታሰበ ነው። 24 ሜትር የሚረዝመው ሐውልት ሦስት ቦታ ተከፍሎ በአንቶኖቭ አክሱም ገባ፤ በ2000 ዓ.ም. ዳግመኛ ቆመ። የመጨረሻው ክፍል የደረሰው ሚያዝያ 17 ቀን 1997 ዓ.ም. ነው፣ ልክ በዚህ በዓላቸው ቀን። አሁን በአካባቢው ሁለት ጥንታዊ ዓምዶች ቆመዋል፤ በኒውዮርኩ የመስከረም 11 ጥቃት ለሞቱት መታሰቢያ ናቸው። ስለ አክሱም የሚናገር ነገር ፈለግን፤ ዓይናችን አልገባም።

እናታችን በቪዲዮ ደወለች። እህቴ ስልኩን ወደ ባዶው ቦታ አዞረችላት።

«የታለ?» አለች እናቴ።

«እሱማ አገሩ ገባ፣ እማ» አለች እህቴ። ሰዓቷን አየች። ለአሮጊቷ እራት ሃምሳ ደቂቃ ቀርቶታል።