ሳይቆጠሩ የተነቀሉ ኤሊዎች

ከሎስ አንጀለስ ወደ ላስ ቬጋስ በኢንተርስቴት 15 የነዳ ሐበሻ ሁሉ ኢቫንፓ የተባለውን የፀሐይ ኃይል ማመንጫ ያውቀዋል። ኔቫዳ ሊደረስ ጥቂት ሲቀር ሞሃቪ በረሃ ላይ ሦስት ረጃጅም ማማዎች ተገትረዋል፤ ዙሪያቸውን የተደረደሩት መስታወቶች ፀሐይዋን ወደ ማማዎቹ አናት ይወረውራሉ። ሰው ፎቶ ያነሳቸዋል። እኔ ባየኋቸው ቁጥር አንጀቴ ያርራል።

የሚያንገበግበኝ መሠራቱ አይደለም። ከፀሐይ የሚገኝ ኃይል ያስፈልገናል፣ በጣም ያስፈልገናል። የሚያንገበግበኝ መሬቱ በቅጡ ሳይታይ መታጠሩ ነው።

የበረሃ ኤሊ እ.ኤ.አ. ከ1990 ጀምሮ እዚያ በፌዴራል ሕግ ትጠበቃለች። አብዛኛውን ዕድሜዋን የምትኖረው ምድር ውስጥ በቆፈረችው ጉድጓድ ነው፤ ድርቅ ሲሆን ብቅ የምትለው ከስንት አንዴ ነው። ገና የተፈለፈለችውማ ከመዳፍ ታንሳለች፤ ቁጥቋጦ ሥር ከተሸጎጠች አጠገቧ የቆመ ሰው እንኳ ላያያት ይችላል። እንዲህ ያለችውን ፍጡር እቆጥራለሁ የሚል ዝናብ የጣለበትንም ያልጣለበትንም ዓመት ታግሶ ደጋግሞ መመላለስ አለበት። በኢቫንፓ የመጀመሪያው ዳሰሳ ያገኘው 16 ኤሊ ነው። አሥራ ስድስት! የመንግሥት ባለሙያዎች እንኳ ከዚያ ተነሥተው ቢገምቱ ሠላሳዎቹን ብዙም አላለፉም።

ግንባታው በጥቅምት 2010 ተጀመረ። ከመንግሥት የሚገኘው የኢኮኖሚ ማነቃቂያ ገንዘብ የጊዜ ገደብ ስለነበረው ጥድፊያው ከባድ ነበር። ሠራተኞቹ ሲያጥሩና ሲፈልጉ ኤሊዎቹ ከየጉድጓዱ ይወጡ ጀመር። በሚያዝያ 2011 ቁጥራቸው እንዲነሣ ከተፈቀደው ሊያልፍ ሆነና የፌዴራሉ የመሬት አስተዳደር ቢሮ ከፊሉን ሥራ አስቆመ። በመጨረሻ በጊዜያዊ በረት ውስጥ የተፈለፈሉትን ጨምሮ ከመቶ በላይ ኤሊዎች ከቀያቸው ተነሡ፤ ለዚሁ በአሥር ሚሊዮኖች የሚቆጠር ዶላር ወጣ። ከዚያ ገንዘብ ኢምንቷ ቀድማ ለቆጠራ ብትውል ኖሮ!

ማስተዋል የሚችል ሰው ጠፍቶም አይደለም። ሲየራ ክለብ የተባለው የተፈጥሮ ተቆርቋሪ ማኅበር ማመንጫው ወደ አውራ ጎዳናው እንዲጠጋና ኤሊ የሚበዛበት ቦታ እንዲተው ሐሳብ አቅርቦ ነበር። የሰማው የለም።

ወፎቹ ደግሞ አሉ። ማመንጫው በ2014 በይፋ ሲመረቅ፣ በማማዎቹ አናት ዙሪያ በተከማቸው ብርሃን ውስጥ ያለፉ ወፎች ላባቸው እየተቃጠለ ይወድቁ ነበር። ሬሳቸውን የመረመረው የፌዴራል ቤተ ሙከራ ድምቀቱ ነፍሳትን፣ ነፍሳቱ ትናንሽ ወፎችን፣ እነርሱም አዳኝ ወፎችን ሳይስብ እንዳልቀረ ጻፈ። ይህን የመሰለ ሰንሰለት መመርመር የነበረበት አንድ መስታወት ሳይተከል ነበር።

የካሊፎርኒያ በረሃ የቱ ለኃይል ማመንጫ፣ የቱ ለዱር ሕይወት ይሁን የሚለው ትልቅ ዕቅድ በፌዴራል መሬት ላይ የጸደቀው በ2016 ነው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ። ያን ካርታ ቀድሞ ለማውጣት እውቀቱም ገንዘቡም ነበረ፤ ለዚህ አንድ ማመንጫ ብቻ መንግሥት የ1.6 ቢሊዮን ዶላር ብድር ዋስ ሆኗል። ሕዝቡም ለፀሐይ ኃይል ልቡን ከፍቶ ነበር። ንጹሕ ኃይልና የዱር ሕይወት ተስማምተው እንደሚኖሩ ለዓለም የሚታይበት ዕድል በእጅ ነበር፤ በገዛ ጥድፊያችን ጣልነው።

በ2025 መጀመሪያ ከማመንጫው ኃይል የሚገዛው ኩባንያ ፓስፊክ ጋዝ ኤንድ ኤሌክትሪክ ኃይሉ ከሌላው የፀሐይ ማመንጫ ጋር ሲነጻጸር ተወደደብኝ ብሎ የግዢ ውሉን ለማቋረጥ ተስማማ። የበረሃ ኤሊ ለመራባት እስከ 20 ዓመት ሊፈጅባት ይችላል። ያኔ በረት ውስጥ ከተፈለፈሉት መካከል ገዢው ሲሰለች ገና እንቁላል ለመጣል ያልደረሱ ይኖራሉ።