አሰልጣኝ ይፈለጋል

አያቴ ሲደውሉልኝ ሁለት ጥያቄ አላቸው። አንደኛው «መቼ ነው የምታገቢው?»፣ ሁለተኛው «ማንን ቀጠሩ?»። ለመጀመሪያው እስካሁን መልስ የለኝም። ሁለተኛውን ግን ማምለጥ አልችልም፤ ጋዜጠኝነት የተማረች የልጅ ልጅ ካላወቀች ማን ሊያውቅ ነው? አጣርቼ እመልሳለሁ። ችግሩ፣ መልሱ ቶሎ ያረጃል።

እስቲ አብረን እንቁጠር። በ2002 መጨረሻ ላይ ኢፊ ኦኑራ ከእንግሊዝ መጣ፤ ዓመት ሳይደፍን ሄደ። በ2003 ቤልጂየማዊው ቶም ሴንትፊት መጣ፤ ወራት ቆይቶ ሄደ። ከዚያ ሰውነት ቢሻው፣ ፖርቱጋላዊው ማሪያኖ ባሬቶ፣ ዮሐንስ ሳህሌ፣ ገብረመድህን ኃይሌ፣ አሸናፊ በቀለ፣ አብርሃም መብራቱ፣ ውበቱ አባተ፣ በጊዜያዊነት ዳንኤል ገብረማርያም፣ እንደገና ገብረመድህን ኃይሌ፣ በ2017 ደግሞ መሳይ ተፈሪ። በአስራ አምስት ዓመት ውስጥ አስራ ሁለት ሹመት። ማካፈሉን ለእናንተ ትቼዋለሁ፤ ሂሳብ ብችል ኖሮ ጋዜጠኝነት አልገባም ነበር።

አያቴ (እኛ ቤት «አባባ» ነው የምንላቸው) ጥር 13 ቀን 1954 የአስራ ሁለት ዓመት ልጅ ነበሩ። ጥምቀት ባለፈ በሁለተኛው ቀን አዲስ አበባ ስታዲየም ገብተው፣ ኢትዮጵያ ግብጽን በተጨማሪ ሰዓት 4 ለ 2 አሸንፋ የአፍሪካን ዋንጫ ስታነሳ በዓይናቸው አይተዋል። ሁለት ጊዜ ተመርተን ሁለት ጊዜ አቻ እንደሆንን፣ ሉቺያኖ ቫሳሎ ዋንጫውን ከጃንሆይ እጅ እንደተቀበለ ሲተርኩ ትናንት የሆነ ይመስላል። በዚያ ውድድር የተካፈሉት አራት አገሮች ብቻ እንደነበሩ አንድ ቀን አንብቤ አውቄያለሁ። ለአባባ ግን አልነገርኳቸውም፤ እናንተም እንዳትነግሩብኝ።

እኔም የራሴ ጥር 13 አለኝ። ጥር 13 ቀን 2005፣ ልክ በሃምሳ አንድ ዓመቱ። ከሰላሳ አንድ ዓመት በኋላ ወደ አፍሪካ ዋንጫ ተመልሰን ደቡብ አፍሪካ ላይ ከዛምቢያ ጋር ስንጫወት፣ ከአባባ ጋር አንድ ሶፋ ላይ ተቀምጬ ነበር። ሳላዲን ሰይድ ፍጹም ቅጣት ምት ሳተ፤ በረኛው ጀማል ጣሰው በቀይ ወጣ፤ በአስር ሰው ቀረን፤ ጎል ገባብን። ከዚያ አዳነ ግርማ አገባ! አባባ ተነስተው ዘለሉ። የዋንጫው ባለቤት የነበረችውን ዛምቢያን በአስር ሰው አቻ ወጣን። እኔ ኳስ የገባኝ ያን ማታ ነው። በሚቀጥሉት ሁለት ጨዋታዎች በቡርኪና ፋሶና በናይጄሪያ ስድስት ጎል መቀበላችንን ማንሳት አያስፈልግም። አነሳሁት እንዴ?

አሰልጣኝ ሲፈለግ ያለውን ሥርዓት ታውቁታላችሁ። መጀመሪያ እንሸነፋለን። ከዚያ «በስምምነት ተለያዩ» የሚል ዜና ይመጣል። ከዚያ ታክሲ ውስጥ ያለው ሬዲዮ ሁሉ አንድ ጥያቄ ይዞ ይውላል፦ «የውጭ ይሁን ወይስ የአገር ውስጥ?» ሾፌሩ የውጭ ይላል፣ ረዳቱ የአገር ውስጥ ይላል፣ ከኋላ የተቀመጡት እናት «ዋናው ጸሎት ነው» ብለው ይዘጉታል።

እኔ ግን ይህ ክርክር ሰልችቶኛል። ወደ አፍሪካ ዋንጫ ያስገቡን ሁለቱም፣ ሰውነትም ውበቱም፣ የአገር ልጆች ናቸው። ታዲያ ምን ሆኑ? ሰውነት በ2006 ለዓለም ዋንጫ ለመግባት ከናይጄሪያ ጋር ሁለት ጨዋታ ብቻ እስኪቀረን አደረሰን። ኅዳር ላይ ካላባር ተሸንፈን ቀረን፤ ጥር ላይ በቻን ውድድር ሦስቱንም ጨዋታ አንድም ጎል ሳናገባ ተሸነፍን፤ የካቲት ላይ ተሰናበተ። ውበቱ ሰኔ 2014 ላይ ግብጽን 2 ለ 0 አሸነፈ። በአስረኛው ወር፣ ጊኒ ሁለት ጊዜ ካሸነፈችን በኋላ እሱም ሄደ። የውጮቹም እንደዚያው። ፓስፖርቱ ምንም ይሁን፣ የምንሰጠው ዕድሜ አንድ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልናዘዝ። ከጊኒው ጨዋታ በኋላ «ውበቱ ይሰናበት!» ብለው ፌስቡክ ላይ ከጻፉት አንዷ እኔ ነኝ። ብዙ ላይክ አገኘሁበት። በወሩ ሲሰናበት ደስ ይለኛል ብዬ ጠብቄ ነበር፤ አላለኝም። የዚያን ቀን አባባ ደውለው «እና አሁን ማንን ሊያመጡ ነው?» ሲሉኝ መልስ አልነበረኝም። ለካ ይውረድ ስል ማን ይውጣ የሚለውን አስቤው አላውቅም።

ተለማማጅ ጋዜጠኛ ሳለሁ፣ ስሙን የማልጠራው አንድ ክለብ አዲስ አሰልጣኝ ሊያስተዋውቅ ጋዜጠኞችን ጠራ። እጄን አውጥቼ «ለአዲሱ አሰልጣኝ የሰጣችሁት ሥራ ምንድነው?» አልኩ። «ውጤት ማምጣት» አሉኝ። «ምን ዓይነት ውጤት? በስንት ጊዜ?» አልኩ። ሰውየው ፈገግ ብለው «እህቴ፣ ኳስ ትከታተያለሽ?» አሉኝና ወደሚቀጥለው ጠያቂ አለፉ። አዳራሹ ሳቀ። እኔም አብሬ ሳቅኩ፤ ከዚያ ታክሲ ውስጥ ተናደድኩ። (እኔ ሁሌም የምናደደው ታክሲ ውስጥ ነው።) ያች ጥያቄ ግን እስከዛሬ አልለቀቀችኝም። ለብሔራዊ ቡድናችንም የማነሳው እሷኑ ነው።

ምክንያቱም ግብጽን ያሸነፍንበት ያ ጨዋታ «የሜዳችን ጨዋታ» ነበር። የተጫወትነው ግን ማላዊ፣ ሊሎንግዌ ነው። ካፍ ስታዲየሞቻችን መስፈርቱን አያሟሉም ስላለ፣ በሌላ ጊዜ ደግሞ ሞሮኮ ሄደን «ሜዳችን ላይ» ተጫውተናል። አባባ ቴሌቪዥኑን እያዩ «ደጋፊው የት ሄደ?» ሲሉኝ፣ «አባባ፣ ደጋፊው እኮ እርስዎ ነዎት» አልኳቸው። ሳቁ። ከዚያ ግን ዝም አሉ። ግብጽን ስናሸንፍ ስታዲየም ውስጥ የነበሩ ሰውዬ፣ ግብጽን ስናሸንፍ ሳሎን ውስጥ ነበሩ። ይህን የትኛው አሰልጣኝ ያስተካክለዋል? በገዛ አገሩ ሜዳ የሌለው ሰው ላይ ነው እንግዲህ «የሜዳ ጨዋታ አላሸነፈም» ብለን የምንጮኸው።

ስለዚህ የእኔ የቅጥር ማስታወቂያ ቢሆን እንዲህ እጽፈው ነበር። አሰልጣኝ ይፈለጋል። የውጭም የአገር ውስጥም ቢሆን ግድ የለንም። የሚሰጠው ጊዜ አራት ዓመት ነው፤ ሁለት ጨዋታ ቢሸነፍም አይነካም። በአራት ዓመቱ ማሳየት ያለበት ከወጣት ቡድኖች ያሳደጋቸውን ልጆችና ያስለመዳቸውን የጨዋታ ዓይነት ነው። ቀጣሪው ደግሞ በበኩሉ ሜዳ ያዘጋጃል። ካላዘጋጀ፣ በሚቀጥለው የሚሰናበተው ቀጣሪው ይሆናል። ደጋፊዋም (እኔን ነው) ቢያንስ ለአንድ ዓመት «ይውረድ» ብላ አትጽፍም።

ትናንት አባባ ሲደውሉ ይህንን ሁሉ አነበብኩላቸው። እስከመጨረሻው ጸጥ ብለው ሰሙኝ። ከዚያ «ጥሩ ነው ልጄ» አሉ፤ «አራት ዓመቱ ግን ለእኔ ረዘመ። ሜዳውን አስቀድሙት።»