ከቃል ፈተና በኋላ የሚጻፍ ምስጋና

ምስጋና በጎ ነገር መሆኑን የሚጠራጠር የለም፤ ነገር ግን ጊዜውን ያልጠበቀ ምስጋና ከልመና ጋራ የሚምታታበት ስፍራ አለ። ይህን እንድንጽፍ ያነሣሣን በሐይቅ የሚኖር የእኅታችን ልጅ ነው። ደሴ ላይ ለሥራ የቃል ፈተና ቀርቦ በተመለሰ ማግስት፥ «ጋሼ፥ ለፈታኞቹ የምስጋና ደብዳቤ ልጻፍ ወይስ ልተወው? ብጽፍ ለማኝ፥ ብተው ባለጌ እንዳልባል ፈራሁ» ሲል ጠየቀን።

ከአባ ኢየሱስ ሞዓ ዘመን፥ ከ13ኛው ምእት ዓመት ጀምሮ መጻሕፍት በተጻፉበት በሐይቅ አገር ደብዳቤ መጻፍ እንግዳ ነገር አይደለም፤ የሚያስፈራው የሚሰጠው ትርጉም ነው። በባሕር ማዶ፥ ይልቁንም በአሜሪካ፥ ሥራ ፈላጊ ፈተናው ባለፈ በአንድ ወይም በሁለት ቀን ውስጥ አጭር ምስጋና ይልካል፤ ነውር ነው የሚለውም የለም። በእኛ አገር ግን ሹመት ፈላጊ እጅ መንሻ ይዞ በመኳንንት ደጅ ወራትና ዓመታት የጠናበት ዘመን ትዝታው ገና አልጠፋም። በ2010 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል መንግሥት ሠራተኞች አዋጅ ቁጥር 1064 ክፍት የሥራ ቦታ ከተወዳዳሪዎቹ ብልጫ ላገኘ ብቻ እንዲሰጥ ደነገገ፤ ሆኖም ወጣቱ ከፈተና ሲመለስ ጎረቤት አስቀድሞ የሚጠይቀው «እዚያ ሰው አለህ ወይ?» ብሎ ነው። እንዲህ በሆነበት፥ ከውጤት በፊት የሚደርስ ምስጋና የደጅ ጥናት ታናሽ ወንድም መስሎ ቢታይ አያስደንቅም።

ስለዚህ ለልጃችን የሰጠነው ምክር ይህ ነው። ልማዱ ባለበት የግል ድርጅት የተፈተነ ወዲያው ይጻፍ፤ በመንግሥት መሥሪያ ቤት የተፈተነ ግን ውጤቱ በማስታወቂያ ሰሌዳ እስኪለጠፍ ይታገሥ። ደብዳቤው ለመሥሪያ ቤቱ እንጂ በአንድ ሰው ስልክ አይላክ። ስለ ሰጡት ጊዜ ያመስግን፤ ከጥያቄዎቹ አንዱ ያስተማረው ነገር ቢኖር ይጥቀስ፤ ውለታ አይጠይቅ፤ ፈታኞቹንም አያወድስ። ሦስት ዐረፍተ ነገር ይበቃል። መለኪያውም አንድ ነው፤ ስማችን ሳይወጣ ቢቀር እንኳ ያንኑ ደብዳቤ የምንልከው ከሆነ ምስጋና ነው፤ የማንልከው ከሆነ ግን ልመና ነው።

ለእኛ ለመንግሥት ሠራተኞችም አንድ ቃል እንጨምር። ከሐይቅ እስከ ደሴ ያለው መንገድ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ የመሳፈሪያውንም ገንዘብ ብዙ ጊዜ እናት እህል ሸጣ ታመጣዋለች። ለእንዲህ ያለው ተፈታኝ፥ ያላለፈ ቢሆን እንኳ፥ ስለ ድካሙ ሁለት መስመር ጽፎ ማሰናበት የፈታኙ ዕዳ ነው። ከመሥሪያ ቤት ወደ ተፈታኝ የሚሄደውን ምስጋና ማንም ልመና ነው ብሎ አይጠረጥረውም፤ እንግዲህ መጀመር የሚገባው ከእኛ ወገን ነው።